ለሰርግ የተገዛ ራም

ሱቄ ውስጥ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ ክዳኑ የጠፋ የኒዶ ጣሳ አለ። አዲስ ሰው የከረሜላ ማስቀመጫ ይመስለውና እጁን ይሰዳል፤ የሚያወጣው ግን አንድ ጎኗ በወርቅማ ጥርስ የተደረደረ ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ራም። ከሃያ ዓመት በላይ ከሰው ኮምፒውተር ሆድ ያወጣሁትን እዚያ ነው የማጠራቅመው። ጥቂቶቹ ሞተዋል። አብዛኞቹ ዛሬም ቢሰኩ ይሠራሉ፤ የሞተው የሚሰኩበት ማሽን ነው።

ሱቄ ያለባት ጨፋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ላይ ናት። ቀንም ሌሊትም ሲኖትራክ ያልፋል፤ ባለፈ ቁጥር የሱቄ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ወዲያ ደግሞ ቦርከና የሚያረጥበው የጨፋ ሜዳ ተንጣሏል፤ በበጋ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን እየነዱ ሣር ፍለጋ ይመጡበታል። "እንዲህ ያለ ቦታ ኮምፒውተር ማስሮጥ ለምን አስፈለገ?" የሚለኝ አይጠፋም፣ በተለይ ከአዲስ አበባ የመጣ። ለሰርግ ነዋ! እዚህ አገር ሰርግ ከረመዳን በፊት ባሉት ሳምንታትና ከኢድ በኋላ ይደራረባል። ካሜራማኑ የስድስት ሰዓት ቀረጻ ጥሎልኝ ይሄዳል። የሙሽራዋ ወንድም ወደ ሳዑዲ ሊመለስ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ቪዲዮውን ሳይዝ ደግሞ አይሄድም። ቆርጬ፣ ቀጥዬ፣ ቀለሙን አስተካክዬ ከጨረስኩ በኋላ ሬንደር የሚባለው አለ፤ ማሽኑ ቁርጥራጩን ሁሉ አንድ ላይ የሚጋግርበት። ሌሊቱን ሙሉ የጋገረውን መብራት ሊነጋጋ ሲል ከጠፋ እንጎቻው ሁሉ ወደ ሊጥነት ይመለሳል። እኛ ጋ ፈጣን ማሽን የሚፈለገው ከመብራቱ ለመቅደም ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላጥራ። ሰው ሱቄ ገብቶ "ሚሞሪ አለህ?" ቢለኝ ራም ማለቱ አይደለም፤ የስልክ ካርድ ፈልጎ ነው፣ መንዙማና ነሺዳ ወይ የኦሮምኛ ዘፈን ተጭኖበት የሚሸጠውን። ለብዙ ዓመት እንጀራዬ ያ ነበር። ራም ሌላ ነው። ማሽኑ አሁን እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ነው፤ መብራት ሲሄድ ሁሉን ይረሳል።

ከጣሳው ሥር የተኛችው የሁሉም ታላቅ ናት። 168 እግር አላት፤ ሁለት ቦታ ተከርክማለች፤ የምትይዘው 64 ሜጋባይት ነው። ጊጋ አላልኩም። በ1995 ዓ.ም. ከሚሴ አንድ የጽሕፈት ቤት ውስጥ ተለማማጅ ሆኜ ስገባ የምጽፍባት ማሽን ውስጥ የነበረችው እሷ ናት። ጠዋት በአማርኛ ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በቁቤ የኦሮምኛ ደብዳቤ፣ ዞኑ የሚሠራው በኦሮምኛ ነውና። ቁቤው ላቲን ስለሆነ ምንም አያስቸግርም። ፊደላችን ግን ከ200 በላይ ስለሆነ በጊዜው አንድ ፎንት አይችለውም፤ ቪዥዋል ግእዝ የሚባለው ፕሮግራም ለሁለት ለሦስት ፎንት እየከፋፈለ ነው የሚያሠራን። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ግእዝን መዝገቡ ውስጥ አስገብቶ ነበር፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ባለ አሥር ገጽ ሰነድ ስከፍት ማሽኗ ታቃስታለች፤ የማተሚያ ትእዛዝ ሰጥቼ ሻይ ጠጥቼ እመለስ ነበር።

ፕሮሰሰሯ ሴለሮን ነበር። በኋላ የተረዳሁትን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ በሌላ ዓይን አያት ነበር። ኢንቴል በነሐሴ 1998 እ.ኤ.አ. ሴለሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር አወጣ። ማዘርቦርዱ በ66 ሜጋኸርዝ ይመታል፣ ፕሮሰሰሩ በ4.5 ያባዛዋል፣ 300 ይሆናል። ምቱን ወደ 100 ከፍ ያደረገ ሰው ግን ያችን ርካሽ ዕቃ በ450 አስሮጣት፤ በዘመኑ ከነበረው ውድ ፕሮሰሰር ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመች። ኦቨርክሎክ የሚባለው ነገር ከጥቂት ዕብዶች ጓዳ ወጥቶ የብዙ ሰው ሥራ የሆነው ያኔ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወሬውን የሚያወራ ሁሉ ስለ ፕሮሰሰሩ ነው የሚያወራው። በሩን የያዘው ግን ራሙ ነበር፦ ምቱ 100 ሲሆን ራሙም በ100 መምታት አለበት፤ ፒሲ66 የሚል ያለው ሰው ቤቱ ይቀመጣል፤ ፒሲ100 የገዛ ይሮጣል።

እኔ ከስንት ዓመት በኋላ ወሬው ደርሶኝ፣ አሠሪዬ ለዙህር ሶላት በወጣበት፣ የማዘርቦርዱን ጃምፐር አነሳሁና 100 ላይ ሰካሁት። ስክሪኑ ጨለመ። መለስኩት፤ በራ። እንደገና ሞከርኩ፤ ጨለመ። ማሽኗን የገደልኳት መስሎኝ ላቤ ወረደ። ራሟን አውጥቼ ሳያት ጥግ ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ ፒሲ66 ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው ከፕሮሰሰር በፊት ራም የማየው።

ራም ለምን እንደሚያቅተው ለመረዳት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ይጠይቃል። በ1966 እ.ኤ.አ. ሮበርት ዴናርድ የሚባል የአይቢኤም መሐንዲስ አንዲት የመረጃ ነጥብ በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ቅንጣት ካፓሲተር ብቻ ለመያዝ አሰበ፤ የፈጠራ መብቱን በ1968 አገኘ። ከዚያ በፊት የኮምፒውተር ትውስታ በእጅ የሚሸመን ነበር፤ ቀለበት የምትመስል ደቃቅ መግነጢስ በሽቦ እየተሰካች፣ እንደ ጨሌ። በ1970 ኢንቴል 1103 የተባለውን ቺፕ ለገበያ ሲያወጣ የጨሌው ዘመን ማብቂያው ተቃረበ። የዴናርድ ነገር ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ አንድ ጉድ ግን አለበት፦ ካፓሲተሩ ያፈሳል። የተሰነጠቀ እንስራ በሉት። ውሃው ሳያልቅ ቶሎ ቶሎ ካልተሞላ ባዶ ይሆናል፤ ስለዚህ ራም ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ እንስራ በ64 ሚሊሰከንድ ውስጥ አንድ ጊዜ መሞላት አለባት። ስንጥቁ ደግሞ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ይሰፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ግንቦት ላይ እመለስበታለሁ።

ከትልቋ በላይ ያሉት ዲዲአር ናቸው፣ 184 እግር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡ ናቸው። በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፉ ሻጩ እጥፉን ቁጥር ይጽፍባቸዋል፤ 200 ሜጋኸርዝ የምትመታዋ "400" ትባላለች። ያም አልበቃ ብሎ በሰከንድ የምታስተላልፈውን ሜጋባይት ቆጥረው ያቺኑ "ፒሲ3200" አሏት። ለአንዲት ዕቃ ሦስት ቁጥር። በዚህ የተነሳ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፦ ጥቂት ዓመታት አለፉት፤ ለአንድ ደንበኛ ዲዲአር4 ባለ 3200 ፈልጌ አዲስ አበባ ያለ ደላላ ዘንድ ደወልኩ። "3200? ሞልቶ! ያውም በርካሽ" አለኝ። ብሩን በስልክ ላክሁ፤ ዕቃው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ማታ ደረሰ። ፖስታውን ስከፍት የሃያ ዓመት ዕድሜ ያላት ፒሲ3200 ናት፣ 512 ሜጋባይት። ሰውዬው ዋሽቷል አልልም። ላዩዋ ላይ 3200 ይላል። ጣሳው ውስጥ አለች፤ ስናደድ አያታለሁ።

የእነዚህ የዲዲአር ዘመን ነው ለራም መራጮች ትልቁን ትምህርት የሰጠው። ውጭ ያለው ሰው ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ነገር አስተዋለ፦ የተለያየ ስም የተለጠፈባቸው ራሞች ሥራቸው አንድ፣ አንድ ስም የተለጠፈባቸው ደግሞ ሥራቸው ለየቅል። ላዩ ላይ ያለውን ብረት ሲገነጥሉት ምክንያቱ ወጣ። ዊንቦንድ የተባለው የታይዋን ኩባንያ የሠራው ቢኤች-5 የሚባል ቺፕ ከሥሩ ካለ ያ ራም ቮልቴጅ ሲጨመርለት እንደ ፈረስ ይጋልባል፣ ተለጣፊው ምንም ይበል። ዊንቦንድ ቺፑን መሥራት ሲያቆም አሮጌው ተፈላጊ ሆነ። በዲዲአር2 ጊዜ ማይክሮን ዲ9፣ በዲዲአር4 ጊዜ የሳምሰንግ ቢ-ዳይ ያንኑ ወንበር ያዙ። ኪንግስተን የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. ጆን ቱና ዴቪድ ሰን የመሠረቱት ነው። የራሙን ቺፕ ግን ራሱ አይሠራም፤ ገዝቶ ነው የሚሰካው። ዛሬ አብዛኛውን የዓለም የራም ቺፕ የሚሠሩት ሦስት ናቸው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። የቀረው ሁሉ ልብስ አልባሽ ነው፤ ያንኑ ሞዴል ዘንድሮ በአንዱ ቺፕ፣ ለከርሞ በሌላው ሊሸጥላችሁ ይችላል።

አባቴ የከብት ደላላ ነበር። ገበያ ላይ ሆዱ የተነፋ በሬ ሲያይ ይስቃል፤ ጠዋት ጨው አልሰውት፣ ውሃ አጠጥተውት ነው የመጣው። እሱ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ዳገት ዳገቱን ያስኬደዋል። እኔም ራም ሲመጣልኝ በአጉሊ መነጽር የቺፑን ቁጥር አያለሁ፤ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው ፕሮግራም ሆዱ ውስጥ የተጻፈውን አነባለሁ፤ የቺፑ ጽሑፍ ተፍቆ እንደገና የታተመ ከሆነ እመልሰዋለሁ። ጨው የላሰ ራም ብዙ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን በዚያ ዘመን እኛ አገር ኦቨርክሎክ ያደረገ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ምክንያቱ ድህነት ብቻ አልነበረም። የሚመጣልን ዴስክቶፕ ውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ የተጣለ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኮምፓክ ነው፤ የእነሱ ባዮስ ደግሞ እንደ መጋዘን በር የተቆለፈ ነው፤ ፍጥነት የሚነካበት ቦታ የለውም። ክሎን የምንለው፣ ማዘርቦርዱ ለብቻ ተገዝቶ የሚገጣጠመው፣ ባዮሱ ክፍት ነበር፤ ሰው ግን ክሎን ይንቃል፣ ብራንድ ካልሆነ አይገዛም። እኔ በዲዲአር2 ጊዜ ሴትኤፍኤስቢ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ዊንዶውስ ውስጥ ሆኜ የአንዱን ማሽን ምት ለመጨመር ሞክሬያለሁ። ምቱ ሲጨምር ራሙም አብሮ ይጨምራል፣ የማቆሚያ መንገድ የለም፤ ስለዚህ እንደ ከሚሴው ዘመን ቀድሞ የሚወድቀው ራሙ ሆነ። ከዚያ ጊዜ የቀረልኝ አራት ዲዲአር2 ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም።

ዲዲአር3 ላይ ግን በደንብ ተበላሁ። በ2008 ዓ.ም. ገደማ ነው። ባለ 8 ጊጋ ራም በባለ 4 ዋጋ የሚሸጥ አገኘሁ፣ አዲስ፣ ገና በላስቲክ። ሁለት ገዛሁ፤ የሁለት ፍየል ዋጋ ነበር። ኢንቴል ማሽኔ ላይ ስሰካው ጥሩንባ ይነፋል እንጂ አይነሳም። እግሩን በላጲስ ፈተግኩት (ይህ ዘዴ ሁልጊዜ መሞከር አለበት፤ ከአሥር አንዱን "የሞተ" ራም የሚያስነሳው ላጲስ ነው)፣ ቦታውን ቀያየርኩ፣ ባዮሱን አደስኩ። ምንም። ከሳምንት በኋላ ነው የማሸጊያውን ጀርባ ያየሁት፦ ለኤኤምዲ ብቻ። የኢንቴሉ መቆጣጠሪያ በማያውቀው አደራደር ርካሽ ቺፕ ሰብስበው የሠሩት፣ ከቻይና በብዛት የወጣ ዕቃ ነው። ኤኤምዲ ያለው ሰው ፍለጋ እስከ ኮምቦልቻ ሄጄ በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት።

አሁን የምሠራበት ማሽን ውስጥ ያለው ጣሳው ውስጥ የለም። እሱ የመጣው ከጅዳ ነው። ታላቅ እህቴ እንደ ብዙዎቹ የኛ አገር ሴቶች ልጆች ባሕር ተሻግራ እዚያ ትሠራለች። በ2012 ዓ.ም. አንዲት የሰፈር ልጅ ወደ አገር ስትመለስ እህቴ የምፈልገው ነገር እንዳለ በኢሞ ደውላ ጠየቀችኝ፤ ሰው ስልክ ይላል፣ ሽቶ ይላል። እኔ የራም ስም በወረቀት ጽፌ ፎቶ ላክሁላት።

"አንተ፣ ይሄ ወርቅ ነው እንዴ?" አለችኝ ሱቁ ውስጥ ቆማ፣ ካሜራውን ወደ መደርደሪያው አዙራ።

"እታለም፣ መብራት የሚያበራውን ተይው። ያኛውን፣ ግራጫውን።"

"ይሄማ አያምርም።"

"እሱን አምጪልኝ።"

ግራጫው ክሩሻል ባሊስቲክስ ነበር፣ ሁለት ባለ 8 ጊጋ፣ 3200። ክሩሻል የማይክሮን የራሱ ስም ስለሆነ ከብረቱ ሥር የማይክሮን ቺፕ መኖሩ አያጠራጥርም። በዚያን ሰሞን ኢ-ዳይ የሚሉት የማይክሮን ቺፕ ነው የሚገባበት፤ ዋጋው የተራ ራም፣ ጉልበቱ ግን የሳምሰንግን ቢ-ዳይ የሚጠጋ። ሻጮቹ ሰው መብራት እንደሚወድ ስለሚያውቁ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን ፊት ለፊት ይደረድራሉ፤ እህቴ በዋጋው ስትስቅ ይሰማኛል፣ የሚያበራው አንዱ ከግራጫው ሁለቱ ይበልጣል። ኤኤምዲ ራይዘን 3600 የሚባለውን ፕሮሰሰር አስቀድሜ አግኝቼ ነበር፤ የዚህ ፕሮሰሰር ውስጣዊ መንገድ ፍጥነቱ ከራሙ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ራሙ ሲፈጥን እሱም ይፈጥናል። ከሴለሮኑ ወዲህ የራም ነገር እንዲህ ዋጋ ያገኘበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲደርስ ሁሉም ሰው የሚችለውን ይዞ ወጣ። እኔ ኬዙን ከፍቼ ሁለቱን ራምና ሃርድ ዲስኩን ነቀልኩ፣ በጋቢ ጠቀለልኩ። ሌላው ቀረ። ስመለስ ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ አልነበሩም። ሃርድ ዲስኩ ላይ የአሥራ አንድ ቤተሰብ ሰርግ ነበረበት፤ ስለዚያ ዘመን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ማዘርቦርድ በዱቤ አግኝቼ በጥር እንደገና ገጣጠምኩ። ሥራ ስላልነበረ ጊዜ ነበረኝ፤ ራሙን ከ3200 ወደ 3733 አወጣሁት። ቮልቴጁን ከ1.35 ወደ 1.42 ከፍ አደረግኩ፤ እንስራዎቹ እስኪሞሉ የሚሰጠውን ጊዜም አሳጠርኩት፣ ፍጥነት ይገኝበታልና። ሜምቴስት የሚባለውን መፈተሻ ሌሊቱን ሙሉ አስኬድኩ፤ ክሪስ ብሬዲ የተባለ ሰው በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው፣ እስከ ዛሬ የሚወዳደረው ጥቂት ነው። ሲነጋ ስሕተት፦ ዜሮ። ደስታዬን ለማን ልንገር?

ኢድ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 24 ዋለ፤ አንድ ሰርግ ግንቦት መግቢያ ላይ መጣልኝ። ሥራው በሁለት ቀን አለቀ፤ ፍላሽ ላይ ገልብጬ አስረከብኩ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ሱቅ መጡ። አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ የልጄን ፊት ምን አደረግከው?"

ከፈትነው። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ፣ እናቶች እልልታውን ባቀለጡበት፣ ልክ ዓይነ ርግቡ ሲገለጥ፣ ከግንባሯ እስከ አገጯ አራት ማዕዘን አረንጓዴ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በአባቷ ጥምጥም ላይ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ማሽኑ አልቆመም፣ አልጮኸም፣ ስሕተት አላለም። የፈጠነ ራም ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሲወድቅ ዝም ብሎ ነው የሚወድቀው።

የግድግዳዬ ቴርሞሜትር ከሰዓት 34 ይል ነበር። ጨፋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ናት፣ ቆላ፤ የጥር ሌሊት ብርድና የግንቦት ቀትር ለየቅል ናቸው። በጥር ሌሊት ዜሮ ያለኝን ፈተና በግንቦት ቀትር ደገምኩት፤ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ቀይ መስመር ወረደ። እንስራው ሲሞቅ ይበልጥ ያፈሳል፤ እኔ ደግሞ መሙያ ጊዜውን ሰርቄዋለሁ። ወደ 3600 መለስኩት፣ ቮልቴጁን ወደ 1.35፣ መሙያውንም አስፋሁለት። በቀትር ስድስት ሰዓት ሙሉ ፈተንኩት፣ አለፈ። ቪዲዮውን እንደገና ጋግሬ፣ ፍላሹን ይዤ እቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ከ3733 ወደ 3600 በመውረዴ ሬንደሩ ላይ ያጣሁት ጊዜ ቡና አንዴ ተቀድቶ እስኪጠጣ አይሞላም። ያን ያህል ለማትረፍ ነበር የሙሽራ ፊት ያበላሸሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ገለበጥኩና ማስላት ጀመርኩ። እያንዳንዱ ራም አንድ ነገር ሲጠየቅ ስንት ናኖሰከንድ አስጠብቆ ነው የሚመልሰው? ስሌቱ ቀላል ነው፤ ሲኤል የሚባለውን ቁጥር ለእውነተኛው ምት ማካፈል። ጥሩዋ ፒሲ133 ባለ ሲኤል 2፣ 15 ናኖሰከንድ። የ2003ቱ ጥሩ ዲዲአር 400 ባለ ሲኤል 2፣ 10። ዲዲአር2 800 ባለ 4፣ 10። የኔው ግራጫ 3200 ባለ 16፣ 10። አሁን ዘመናይ የሚባለው ዲዲአር5 6000 ባለ 30? እሱም 10! ራሴን አላመንኩም፤ እንደገና በካልኩሌተር መታሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ቁጥሩ ከ400 ወደ 6000 ሲሮጥ ጥበቃው ካለበት ፈቅ አላለም። የጨመረው የሚጫነው ነው፤ ጫኚው ለመድረስ ያው ሰዓት ይፈጅበታል፣ ድሮ በጋሪ ይመጣ የነበረው አሁን በሲኖትራክ ይመጣል። ለዚህ ነው ሰው "5200 ልግዛ ወይስ 6000?" ብሎ ሲጠይቀኝ ቁጥሩን ትቼ ሲኤሉን የምጠይቀው፤ ትልቅ ቁጥር ከሰፊ ሲኤል ጋር ብዙ ጊዜ ባዶ ሆድ ነው።

ከቁጥሩም በፊት መጠኑ ይቀድማል። ቪዲዮ ለሚሠራ ሰው ከሚሮጥ 16 ጊጋ ራም የሚራመድ 32 ጊጋ ይሻላል። ሁለት እኩያ ራም ከአንድ ትልቅ ይበልጣል፤ ማዘርቦርዱ በሁለት መስመር ስለሚቀዳ። ይህን ሁሉ አሟልተው ደግሞ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የምትባለውን መስመር ሳይነኩ የሚሠሩ አሉ። ኢንቴል በ2007 እ.ኤ.አ. ያመጣት ናት፤ እሷ ካልበራች ባለ 3200ው ራም ብዙ ጊዜ ከዚያ ባነሰ ፍጥነት፣ ለምሳሌ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሄደው። ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ የመጣ ማሽን ከፍቼ ባለቤቱ ሦስት ዓመት ሙሉ በከፈለበት ፍጥነት አንድ ቀን እንኳን እንዳልሠራ ነገርኩት። ቁልፏን አበራሁለት። ሂሳብ ልቀበለው አፈርኩ፤ ተቀበልኩት ግን።

ዋጋ የሚወስነው ግን እኛ ጋ አይደለም። በሐምሌ 1993 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የቺፕ ማሸጊያ ሙጫ የሚያመርት የሱሚቶሞ ፋብሪካ ፈነዳ፤ የዓለም የራም ዋጋ ተተኮሰ። በመስከረም 1999 ታይዋን መሬት ሲንቀጠቀጥ እንደገና። ከ1999 እስከ 2002 ደግሞ ቺፕ ሠሪዎቹ ራሳቸው ተጠራርተው ዋጋ ወስነው ነበር፤ አሜሪካ ደርሶባቸው ሳምሰንግ ብቻውን 300 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። በርበሬ ነጋዴ ብቻ የሚያድም ይመስለኝ ነበር። ለእኛ ትልቁ መናወጥ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100ን ተሻገረ፤ ራምም ተከተለው። እሱን ሳንለምደው ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነገር የዓለምን ቺፕ ይጠጣው ያዘ። ማይክሮን በዚያው ታኅሣሥ ክሩሻል የሚለውን ስም ለተራ ሸማች መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። እህቴ ከጅዳ የላከችው ግራጫ ራም ስሙ ከሱቅ እንዲወጣ ተወሰነ ማለት ነው።

ባለፈው ሮብ አንድ ልጅ ገባ፣ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሠራ፤ አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሞ ጌም ሊጨምርበት ነው። ዲዲአር4 ሲያፈላልግ ዋጋው አባሮታል። ጣሳውን አየና እንደሌላው ሰው እጁን ሰደደ። ሁለት ባለ 4 ጊጋ ዲዲአር4 አወጣ፣ ከተቃጠለ ዴል የነቀልኳቸው።

"ጋሼ፣ እነዚህን ሽጥልኝ።"

"ነገ ና" አልኩት።

"ለምን? ብሩን ይዣለሁ እኮ።"

"ማደር አለባቸው።"

እግራቸውን በላጲስ ፈትጌ፣ መፈተሻው ላይ ሰክቼ፣ ሜምቴስቱን አስነስቼ ሱቁን ዘጋሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲጮኽ ከቤቴ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ ዝም አለ። ጠዋት ልጁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዜሮ ጀመርኩት፤ እሱም ወንበር ስቦ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ።